በዛፍ ላይ ቤት ስለ መሥራት

ሰው ከተማን በሠራ ቍጥር ከከተማ የሚሸሽበትን ሥፍራ መፈለጉ የቆየ ጠባዩ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በመዝገብና በደብዳቤ፤ በክርክርና በጫጫታ መካከል የሚውል ሰው አእምሮው በደከመ ጊዜ ዕረፍትን የሚያገኘው ከብዙ ምግብና ከብዙ መጠጥ ሳይሆን ከጸጥታና ከንጹሕ አየር፤ ከወፍ ድምፅና ከቅጠል ጥላ ነው። የግዕዝን ቋንቋ የሚያውቁ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፤ ገዳም የሚለው ቃል አስቀድሞ ዱርንና ምድረ በዳን የሚያመለክት ነበር፤ የመነኮሳት መኖሪያ ስም የሆነው ጸጥታን የወደዱት አባቶች ወደዚያ ስለ ወጡ ነው። ስለዚህ ለዕረፍትና ለጸጥታ ወደ ዱር መውጣት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ነው ሊባል አይቻልም።

በዚህ ዘመን ግን ወደ ዱር የሚወጣው ሰው በድንኳን ከማደር ይልቅ በዛፍ ላይ በተሠራ ቤት ማደርን እየወደደ ሄዷል። ባለቤቱ እንደ ፈቀደው የሚነደፍና እንደ ዛፉ ቅርጽ እየተለካ የሚሠራ እንዲህ ያለው ቤት በአሜሪካና በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በኢትዮጵያም የእንግዳ ማረፊያ በደን ውስጥና በሐይቅ ዳር መሥራት እየበዛ ነው። እንግዲህ ነገሩ ሳይመረመር ከመስፋፋቱ በፊት ጥቅሙንና ጕዳቱን አስቀድሞ መመዘን የተገባ ነው።

በዛፍ ላይ መቀመጥ በታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። የሮማው ጸሐፊ ፕሊንዮስ እንደ ተረከው፤ ቄሣር ካሊጉላ ቬሊትራይ በምትባል ሥፍራ በአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎች ላይ ርብራብ አስነጥፎ ዐሥራ አምስት እንግዶችን ከነአሳላፊዎቻቸው ግብር አብልቶበታል። ያ ግን የንጉሥ ጨዋታ ነበር። የኢትዮጵያ ገበሬ በቈላው አገር ማሽላውና በቈሎው ሲያፈራ የሚሠራው ማማ ግን ጨዋታ አይደለም፤ በዛፍ ጕንድ ላይ ወይም በአራት እንጨት ላይ ቆጥ አቁሞ፤ በላዩ ሣር ከድኖ፤ ወንጭፉን ይዞ ዝንጀሮውንና ወፉን ሲጠብቅ ይውላል። ይህ ማማ ያለ መሐንዲስ የተሠራ ቢሆንም ትልቅ ትምህርት አለበት። ለሥራው ከሚበቃው በላይ አይገዝፍም፤ ዛፉን አይገድልም፤ ወራቱ ሲያልፍ ይፈርሳል፤ መሬቱም እንደ ነበረ ይቀራል።

ዛሬ በዓለም ላይ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የዛፍ ላይ ማረፊያ በጎረቤት አገር በኬንያ፤ በአበርዴር ተራሮች ደን የተሠራው ትሪቶፕስ ነው። ይህን ቤት ኤሪክ ሼርብሩክ ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1932 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከባለቤቱ ጋር በአንድ ትልቅ ሾላ ላይ ሲሠራው ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። እንግዶቹ ጠመንጃ በያዘ ሰው እየተጠበቁ በእግር መጥተው፤ በመሰላል ወጥተው፤ ሌሊቱን በጨረቃ ብርሃን ዝሆንና ጎሽ ወደ ውሃው ሲወርዱ ያዩ ነበር። በየካቲት ወር 1952 የእንግሊዝ ልዕልት ኤልሣቤጥ በዚያ ቤት ባደሩበት ሌሊት አባታቸው ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ ለንደን ሳይሆን በሳንድሪንግሃም ሳሉ ስላረፉ፤ ልዕልቲቱ ሳያውቁት ዘውዱ በዛፍ ላይ ሳሉ ተላለፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ዝና በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ነገር ግን የዚህ ቤት ታሪክ ዝናው ብቻ አይደለም። በ1954 በማውማው ጦርነት ጊዜ ቤቱ ከነዛፉ ተቃጠለ። መሬታችን ተወሰደብን ብሎ የተነሣ ሕዝብ በደን ውስጥ ሲዋጋ፤ የባዕዳን መዝናኛ በዚያው ደን ውስጥ በሰላም ሊቀመጥ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፊ ቤት በአቅራቢያው በምሰሶዎች ላይ ተሠራ። አራዊቱ ወደ ቤቱ እንዲቀርቡ ጨው ይደረግላቸው ስለ ነበረ፤ ጨውና ውሃ የሳባቸው ዝሆኖች በዙሪያው ያለውን ዛፍ እየላጡና እየሰበሩ ደኑን አሳሱት። ደንን ለማየት የተሠራ ቤት ደኑን ከዓይን አራቀው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛው፤ በደን ውስጥ የሚሠራ ማረፊያ የአገሩ ተወላጅ ተካፋይ ካልሆነበት ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፤ እንግዳውን ደስ ለማሰኘት ተብሎ የተፈጥሮ ሥርዓት የተናጋ እንደሆነ እንግዳው ሊያየው የመጣው ነገር ራሱ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

የሥራውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በመሬት ላይ የሚሠራ ቤት መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይም አያድግም፤ አይታመምም፤ በነፋስ አይወዛወዝም። በዛፍ ላይ የሚሠራ ቤት መሠረቱ ግን ሕያው ፍጥረት ነው። ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ስለ ሆነ በሰው ቁመት የተመታ ምስማር ከሃያ ዓመት በኋላም በዚያው ቁመት ይገኛል፤ ነገር ግን ጕንዱ በየዓመቱ ስለሚወፍር፤ ወለሉ ጕንዱን አጥብቆ የያዘ እንደሆነ ወይ ወለሉ ይሰነጠቃል፤ ወይ ዛፉ ይታነቃል። ስለዚህ ብልህ አናጢ በጕንዱና በወለሉ መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል።

ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን የዛፉ ሕይወት የሚመላለስበት መንገድ ነው። በሽቦ ወይም በገመድ ዙሪያውን ተጠፍሮ የቆየ ዛፍ ቀስ በቀስ የሚደርቀው ይህ መንገድ ስለሚዘጋ ነው። ብዙ ሰዎች ምስማር ከመምታት ገመድ ማሰር ለዛፍ የሚራራ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ የዛፍ ሊቅ ብዙ ጕንዶችን እየሰነጠቀ መርምሮ እንዳስረዳው፤ ዛፍ እንደ እንስሳ ቍስሉን በአዲስ ሥጋ አያድንም፤ የቈሰለውን ክፍል አጥሮ ከጤነኛው ይለየዋል። ስለዚህ ተቀራርበው ከተመቱ ከመቶ ትናንሽ ምስማሮች ይልቅ በልክ የገባ አንድ ወፍራም ቡሎን የተሻለ ነው፤ መቶው ቍስል ተገናኝቶ አንድ ትልቅ ብስባሽ ሲሆን፤ አንዱን ቍስል ግን ዛፉ አጥሮ ሊኖር ይችላል። ቤቱ በሁለት ዛፍ ላይ የተመሠረተ እንደሆነም፤ ሁለቱ በነፋስ አንድ ዓይነት ስለማይወዛወዙ፤ ወራጁ በአንደኛው ዛፍ ላይ ተጠብቆ በሁለተኛው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ሆኖ መቀመጥ አለበት። ይህ ካልሆነ የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ወራጁን ይሰብረዋል።

ሥሩንም መርሳት አይገባም። አብዛኛው የዛፍ ሥር ከአፈሩ ገጽ ብዙ ሳይርቅ ወደ ጎን የሚዘረጋ ስለ ሆነ፤ ከዛፉ በታች መኪና ሲቆም፤ ሲሚንቶ ሲፈስና ሰው ሲመላለስ አፈሩ ይጠነክራል፤ ሥሩም አየርና ውሃ ያጣል። ከላይ ሳይነካ ከታች ተረግጦ የሞተ ዛፍ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ለሠራተኛው ኅሊና ብቻ መተው አይበቃም፤ ደንብ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት ማይክል ጋርኒየር የተባለው ሰው በዛፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ በሠራ ጊዜ፤ የአካባቢው ሹማምንት ለእንደዚህ ያለ ቤት የተጻፈ ደንብ ስላልነበራቸው ፈቃድ ነሥተውት ለብዙ ዓመታት ሲከራከር ኖረ። የቤቱን ጥንካሬ ለማስረዳት ስድሳ ስድስት ሰዎችን ከሁለት ውሾችና ከአንዲት ድመት ጋር በአንድ ጊዜ በላዩ አወጣ። ይህ ነገር ለጊዜው ቢያስቅም ትምህርቱ ግን ለሹማምንት ነው፤ ደንብ በሌለበት ጊዜ ሹሙ የሚያውቀው መከልከልን ወይም ዝም ማለትን ብቻ ነው። የሚከለክለው በጎ ሠራተኛን ይጎዳል፤ ዝም የሚለው ደግሞ እንግዳ ወድቆ የሞተ ቀን ይጠየቃል።

ቤቱ ለሰው ብቻ ሳይሆን በዱር ለሚኖረው ፍጥረት ሁሉ መታሰብ ያለበት መሆኑን ከሰሜን ስዊድን መማር ይቻላል። በ2010 ሃራድስ በምትባል መንደር የተከፈተው የዛፍ ላይ ማረፊያ ከሌሎች ቤቶቹ ጋር አንድ በመስተዋት የተሸፈነ ቤት አለው፤ ወርዱም ቁመቱም አራት አራት ሜትር ነው። መስተዋቱ ደኑን መልሶ ስለሚያሳይ ወፎች ሰማይ መስሏቸው እንዳይጋጩበት፤ ለሰው ዓይን የማይታይ ለወፍ ግን የሚታይ ሽፋን ተለጥፎበታል። ወፍን ለማየት ሄዶ ወፍን መግደል እንዳይሆን የታሰበ ነውና ምስጋና የሚገባው ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፤ በመሬት ላይ ቤት ያጣ ሰው ሞልቶ ሳለ በዛፍ ላይ ለባለጸጋ ቤት መሥራት ከንቱ ቅምጥልነት ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ከደን አጠገብ የሚኖር ድኃ ዛፉን ቈርጦ ከሰል ከማድረግ ሌላ ከዚያ ዛፍ ምን ያገኛል? ዛፉ ቆሞ ሳለ ገንዘብ የሚያስገባ ከሆነ፤ ባለቤቱ ራሱ ዘበኛ ይሆንለታል። የከሰል ዋጋ አንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ የቆመ ዛፍ ኪራይ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ እውነት የሚሆነው ገንዘቡ በእውነት ለዚያ ለመንደሩ ሰው የደረሰ እንደሆነ ብቻ ነው። ትርፉ ሁሉ ወደ ከተማ ተጭኖ ለተወላጁ የሚቀረው አጥርና ዘበኛ ብቻ ከሆነ፤ ቅምጥልነት ነው የሚለው ነቀፋ ተገቢ ይሆናል።

በኢትዮጵያ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በጀመረው በገበታ ለሀገር ሥራ ጎርጎራ፤ ወንጪና ኮይሻ ለእንግዳ ማረፊያ ተመርጠው ተሠርቶባቸዋል፤ የግል ባለሀብቶችም ይህን መንገድ እየተከተሉ ነው። ስለዚህ በደን ውስጥ የሚሠራው ቤት እንዴት ይሠራ የሚለው ነገር የወደፊት ሕልም ሳይሆን የዛሬ ጕዳይ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፤ ቤቱን ለማቆም የሚቈረጠው እንጨት የትኛው ነው የሚለው ነው። አንዱን ሾላ ለማስጌጥ ተብሎ ዐሥር ዝግባና ዐሥር ጽድ የተቈረጠ እንደሆነ፤ ይህ አንዱን ዓይን ለመኳል ሌላውን እንደ ማውጣት ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ስለ ሆነ፤ ምሰሶውና ወራጁ ከእርሱ ቢወጣ፤ ምስጥ እንዳይበላውም እግሩ በድንጋይ ላይ ቢቀመጥ፤ አገር በቀሉ ዛፍ ይተርፋል።

የአብያተ ክርስቲያናት ደንም በተለይ መታሰብ አለበት። በጎንደርና በጎጃም ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ያየ ሰው፤ በታረሰው ምድር መካከል እንደ ደሴት የሚታዩት አረንጓዴ ሥፍራዎች የቤተ ክርስቲያን ዐፀዶች መሆናቸውን ያውቃል። ወይራው፤ ጽዱና ዋንዛው ከመጥረቢያ የዳነው በዘበኛ ብዛት ሳይሆን አባቶች ለቦታው በሰጡት ክብር ነው። በቅርብ ዓመታትም በብዙ ቦታ ምእመናን ከብት እንዳይገባ የድንጋይ አጥር አጥረውለታል። እንዲህ ባለው ዐፀድ ውስጥ የኪራይ ቤት መሥራት ለጊዜው ገንዘብ ቢያስገባም፤ ደኑን እስከ ዛሬ ያቆየውን ክብር ያፈርሳል፤ ክብሩ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ደኑን የሚጠብቀው ነገር አይገኝም። ካህናት ይህን አስቀድመው ለምእመናን ቢያስረዱ፤ የሚመጣውን ባለገንዘብ ከዐፀዱ ውጭ ወዳለው ቦታ ቢመሩት፤ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የጠበቀ መሆን አለበት። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ዛፉን የደን ዐዋቂ ይመርምረው፤ የተሸከመውን ክብደት መሐንዲስ ያስላ፤ የእሳትና የቈሻሻው ነገር በጽሑፍ ይታወቅ፤ ቤቱ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይፈተሽ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ያወቀ ስለ ሆነ፤ የመንደሩ ሰው ድርሻም በቃል ተስፋ ሳይሆን በውል ይጻፍ። ዛፉ የታመመ እንደሆነ ቤቱ እንዲፈርስ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ዛፉ ለቤቱ ሲባል መሞት የለበትምና።

በዛፍ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው የመሠረቱን ሕይወት እየጠበቀ መኖር ግዴታው በመሆኑ ነው። ዛፉን ቢጎዳ የራሱን ቤት ያፈርሳል፤ ቅጣቱንም ዳኛ ሳይፈርድበት ያገኛል። በደን ውስጥ ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ፤ ቤቱ በዛፍ ላይ ቢሆንም በመሬት ላይ ቢሆንም፤ ይህን ሥርዓት ደንቡ ቢያደርገው፤ እንግዳው ዕረፍቱን፤ ተወላጁ እንጀራውን፤ የሚመጣውም ትውልድ ደኑን ያገኛል። የማማውን ብልሃት ከአባቶቹ የወረሰ ሕዝብ ይህን ለመፈጸም ሩቅ አገር ሄዶ መማር አያስፈልገውም፤ የሚያውቀውን ቢያስተውል ይበቃዋል።