ፓስወርድ ይጻፋል

«ፓስወርድ አይጻፍም» ይባላል። በመሥሪያ ቤት ሥልጠና ይባላል፣ ባንክ ያሳስባል፣ ልጅም ለእናቱ ስልክ ገዝቶ ሲሰጥ ይደግመዋል። ለኤቲኤም ፒን ምክሩ ደግ ነው፤ ካርዱና ቁጥሩ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተገኙ ገንዘቡ ሄደ። ይኸው ምክር ወደ ተመሰጠረ የስልክ ባክአፕ ሲሻገር ግን ከሌባው ይልቅ ባለቤቱን ይጎዳል።

የኢሜይል ፓስወርድ ሲረሳ ኩባንያው ኮድ ልኮ ሌላ ያስመርጣል። መረጃው እሱው ዘንድ ነው፤ የሚያጣራው ጠያቂው ባለቤቱ መሆኑን ብቻ ነው። የተመሰጠረ ባክአፕ ግን እንዲህ አይደለም። ፎቶውንም መልእክቱንም የሚቆልፈው ቁልፍ የሚወጣው ከራሱ ከፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱ ከጠፋ ፋይሉ ኮምፒዩተሩ ላይ እያለም የለም። አምራቹም አያነበውም፤ እንዳያነበው ተደርጎ ነው የተሠራው።

አይፎንን እንውሰድ። ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝተን በአይቲዩንስ ወይም በፋይንደር ባክአፕ ስናደርግ፣ ባክአፑ እንዲመሰጠር የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ካላደረግንባት ስልኩ ላይ የተቀመጡ ፓስወርዶችና የጤና መረጃ አይገለበጡም። ስለዚህ ሰው ምልክት ያደርጋል፣ የመጣለትን ፓስወርድ ያስገባል፣ ይረሳዋል። ምርጫው የሚያዘው ስልኩ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራ ባክአፕ በዚያው ይቆለፋል። የሚያናድደው ደግሞ፣ በየጊዜው ባክአፕ ሲሠራ ያንን ፓስወርድ መልሶ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። የሚጠየቀው ከዓመታት በኋላ፣ ስልኩ ተሰርቆ ወይም ውኃ ገብቶበት አዲስ ሲገዛ ነው። ዋትሳፕ እንኳ ባለ 6 አሃዙን ፒን እየቆየ የሚጠይቀው ባለቤቱ እንዳይረሳው ብሎ ነው። በአምስት ዓመት አንዴ የሚያስፈልግን ነገር በቃል ያዙ ማለት፣ ያውም በቃል ያለ ይረሳል እየተባለ ባደገ ሕዝብ መካከል፣ ምክር አይባልም።

ስልኩ በእጅ ካለ መውጫ አለ። ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ወዲህ ሴቲንጉን በሙሉ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ትእዛዝ ፎቶና መልእክት ሳይነካ የባክአፑን ፓስወርድ ያነሳዋል፤ ኪሳራው እንደ ስክሪን ምስልና ዋይፋይ ያሉ ሴቲንጎችን እንደገና ማስተካከል ነው። (ማክ ያለው ሰው የፓስወርድ ማስቀመጫው ኪቼይን ውስጥም ይፈልግ፤ ያኔ አስቀምጠው ብሎት ሊሆን ይችላል።) የድሮውን ባክአፕ ግን ይህ አይከፍተውም። ስልኩ ለሌለው የቀረው መገመት ነው። እሱም ከ2016 መጨረሻ ወዲህ፣ አንድ ፓስወርድ ለመሞከር ብቻ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚደጋገም ስሌት ስለሚጠይቅ፣ አብዛኛውን የፓስወርዱን ክፍል ለማያስታውስ ሰው ተስፋ የለውም።

የስልኩ የራሱ ፓስወርድ ሲረሳም ጥገና ቤቱ «እንከፍታለን» ይላል። ከፈቱ ሲባል ብዙ ጊዜ የሆነው ስልኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሶፍትዌር መጫኑ ነው፤ ስልኩ ይነሳል፣ ፎቶው የለም። ደግሞስ ፓስወርዱን መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? አካውንት የሚከፍተው ሻጩ፣ ካልሆነም ስልኩን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የላከ ዘመድ የሆነበት ቤት ስንት ነው! ራሱ ያላወጣውን ቃል እንዴት ሊያስታውስ ነው? ስልኩን የሚያስረክብ ሁሉ ፓስወርዱንም ጽፎ ቢያስረክብ ግማሹ ጣጣ ባልኖረ።

«አይጻፍም» የሚሉን ሰዎች ባለሙያ ይጠቅሳሉ። የትኛውን? ስለ መረጃ ደኅንነት በመጻፍ የታወቀው ብሩስ ሽናየር በ2005 ጠንካራ ፓስወርድ አውጡ፣ በትንሽ ወረቀት ጻፉት፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙት ብሎ መክሯል። ዋትሳፕ በ2021 የተመሰጠረ ባክአፕ ሲያመጣ ከፓስወርድ ሌላ ያቀረበው አማራጭ ባለ 64 አሃዝ ቁልፍ ነው። አፕል አካውንትን መልሶ ለማግኘት የሚሰጠው ቁልፍም 28 ፊደልና ቁጥር ነው። ይህን በቃሉ ይይዛል ተብሎ የታሰበ ፍጡር የለም። ኩባንያዎቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ታሳቢ አድርገው ሠሩት፤ እኛ ዘንድ ወረቀቱ ነውር ሆነ።

ወረቀቱ ቢሰረቅስ? ሌባው ወረቀቱን ብቻ ይዞ የትም አይደርስም፤ ባክአፑ ያለበትን ኮምፒዩተርም ማግኘት አለበት። የቤት ካርታና ሊብሬ በፕላስቲክ ተጠቅልለው በሚቀመጡበት ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ቦታ አያጣብብም። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ተለይቶ፣ የየትኛው ስልክ እንደሆነም ተጠቅሶ ይጻፍ እንጂ።

ክርክሩ የሚከብደኝ የሚፈራው ሰው እዚያው ቤት ሲኖር ነው። ስልኳን የሚበረብር ባል ያላት ሴት ወረቀቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አታኑር፤ እህቷ ዘንድ ወይም የምታምናት ጓደኛዋ ዘንድ ይሁን። ይህም ቢሆን የት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ነው እንጂ ይጻፍ አይጻፍ የሚል አይደለም።