«ሸጠው» ነው ወይስ «ሰጠው»?

ሞላሌ ገበያ ውለው የገቡ አዛውንት ምድጃ ዳር ተቀምጠው «ልጁ በጉን ሸጠው» ሲባሉ «ለማን ሰጠው?» ብለው ቢቆጡ ቤተሰቡ መጀመሪያ ይስቃል። ሲደጋገም ግን «አባዬ ጃጁ» መባል ይጀመራል። በግ ሀብት በሆነበት የመንዝ ደጋ መሸጥና መስጠት ሲምታታ ቀልዱ ብዙ አይዘልቅም። ሰውዬው ግን አልጃጁም። ያመለጣቸው «ሸ»ን ከ«ሰ» የሚለየው ቀጭን ድምፅ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው ክፍል፣ ድምፅ ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉ 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ መግቢያው አጠገብ ያሉት፣ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ ከበሮውና የበሬው ግሣት እንደ ድሮው ይሰማል፤ የሕፃን ልጅ ወሬና የወፍ ድምፅ ይርቃል። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚገኙትም እዚያው ቀጭኑ ሰፈር ነው። አዛውንቱ «ድምፃችሁን እሰማለሁ፤ የምትሉት ግን አይገባኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ሰዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው።

ታዲያ ሁሉም የሚሞክረው ጩኸት ነው። «ጮክ በል!» ያሉት አባት ወዲያው «ምን ያስጮህሃል!» ይላሉ። ጠባያቸው ተበላሽቶ አይደለም፤ የተጎዳ ጆሮ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይስታል፣ ከፍ ያለው ግን እንደማንኛውም ጆሮ ያስደነግጠዋል። ጭስ ባለበት ጨለማ ቤት ከኋላቸው ሆኖ ከመጮህ፣ ብርሃን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። ከንፈርም ያነብባሉና።

ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ ነው? ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒውዮርክ የጆሮ ሐኪም ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ በማይርቀው፣ ያኔ የሱዳን በነበረው ምድር የማባን ሕዝብን መርምሮ በ1962 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ጸጥ ባለ አካባቢ የሚኖሩት የማባን ሽማግሌዎች ከአሜሪካ እኩዮቻቸው በእጅጉ የተሻለ ይሰሙ ነበር። ዕድሜያቸው በግምት የተያዘ መሆኑና አመጋገባቸው ክርክር ማስነሳቱ አልቀረም፤ ጩኸት ጆሮን እንደሚጎዳ ግን ዛሬ የሚከራከር የለም። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የሠርግ ሞንታርቦ ሥር ሲጨፍር የሚያድረው ወጣት ግን ጆሮው ጭው እያለ ቤቱ ይገባና ጠዋት ይረሳዋል።

ሁሉ ነገር የማይመለስ ነው ማለትም አይደለም። በእርጅና የጆሮ ኩክ ስለሚደርቅ ብዙ ጊዜ ይደፍናል፤ ይህን ጤና ባለሙያ ያጥበዋል። በእንጨት መጎርጎር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ችግሩ ከዚያ ካለፈ ወደ መስሚያ መሣሪያ ይኬዳል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ የሚልከው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሣጥን ውስጥ የሚቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያው የሚስተካከለው የየጆሮው ጉዳት ተለክቶ ነው፤ ሳይለካ የተሰካ እንደሆነ የድስቱን ኳኳታም የልጆቹን ጫጫታም አንድ ላይ ያጎላል።