ጉድጓዱን ተሸነፍን፣ ሜዳውን ግን አንለቅም

ዛሬ ስለ ጎልፍ ልናወራችሁ ነው። …ቆይ ቆይ፣ አትሂዱብን! «ጎልፍ የአምባሳደርና የባለሀብት ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም ስንል የኖርነው እንደዚያው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ለምንኖር ሐበሾች ጎልፍ ማለት በአብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ጣቢያ የምንቀይርበት፣ አለዚያም በታክሲ ሰው አድርሰን ከበሩ የምንመለስበት የታጠረ ግቢ ነው።

«እኛ» ስንል አራት ሰዎች ነን። አንዷ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሦስተኛዋ በጋዜጠኝነት ተመርቃ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ትሠራለች (ይህን የምትተይብላችሁም እሷው ናት፤ አትሳቁ!)። አራተኛችን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ጎልፍን ደግሞ ተሳፋሪ ሲጠብቁ በአጥር ቀዳዳ እያዩ የለመዱ ሰው ናቸው። «ይኼማ የእኛው ገና ነው እኮ! ዱላውን አሳምረው፣ ሩጫውን ቀነሱለት» ብለው ነው ጎትተው ያስገቡን።

ያስገቡን የት መሰላችሁ? ላንግስተን። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ ሜዳ ነው። የሕዝብ ስንል አባልነት የለውም፣ የሚያስተዋውቃችሁ ሰው አያስፈልግም፤ የዕለቱን ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ባለፈው ሰኔ በዚሁ ሜዳ ከአራት ጡረተኛ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ጋር በቡድን ተጋጠምን። የምንነግራችሁም ከዚያ ቀን የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አጨዋወቱ። በቴሌቪዥን የምታዩት ጎልፍ ብዙውን ጊዜ ምት የሚደመርበት ነው። በ18 ጉድጓድ ስንት ጊዜ መታህ? ጥቂት የመታ ያሸንፋል። በዚህ ሒሳብ ጀማሪ ሰው አንድ ጉድጓድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ከመታ ቀኑ አለቀለት፤ ያችን አሥራ አንድ እንደ ዕዳ ተሸክሟት ይውላል። እኛ የተጫወትነው ግን ጉድጓድ በጉድጓድ የሚቆጠረውን ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ራሱን የቻለ ግጥሚያ ነው። ሦስት መታችሁ አሥራ ሦስት፣ የጠፋባችሁ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ወደሚቀጥለው ስትሄዱ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

በዚያ ላይ ጥንድ ለጥንድ ነበርን። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ኳስ ትመታላችሁ፣ ከሁለታችሁ የተሻለው ብቻ ይያዝላችኋል። የእናንተ ኳስ ውኃ ከገባ የጓደኛችሁ አለ። ጋሼ ሲያበላሹ የሆስፒታሏ ልጃችን ታድናቸዋለች፣ እሷ ስትደክም እሳቸው። ልምድ ላላቸው እናቶችና ለእኛ የሚበጀው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ደካማው ተጫዋች በአቅሙ ልክ በተወሰኑ ጉድጓዶች ላይ ምት ይቀነስለታል። ሀብታምና ድሃ፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ባለሙያና ጀማሪ በአንድ ሜዳ ላይ እውነተኛ ግጥሚያ ሊገጥሙ የሚችሉበት ስፖርት ስንት ታውቃላችሁ?

አንደኛው ጥንዳችን ተሸነፈ፤ ያውም ሁለት ጉድጓድ ሲቀር እነሱ በሦስት እየመሩ ስለነበር እዚያው ቆመ። የጋሼና የሆስፒታሏ ልጅ ጥንድ ግን እኩል ሆኖ 18ኛው ጉድጓድ ደረሰ። ልጃችን ሌሊቱን ሥራ አድራለች፤ ኳሷ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ከገባች ግጥሚያው እኩል ለእኩል፣ ከሳተች ሽንፈት። እጇ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። ከእናቶቹ አንዷ መጥተው «አንሺው ልጄ፣ ገብቷል» አሏት።

ጉድጓድ በጉድጓድ በሚቆጠረው ጎልፍ ይህ የተፈቀደ ነው፤ ተጋጣሚ የአጭሩን ምት ሊሰጣችሁ ይችላል። ታላቁ ምሳሌ የ1969ኙ (ዓመተ ምሕረቶቻችን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የራይደር ዋንጫ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሮያል በርክዴል ላይ፣ በመጨረሻው ጉድጓድ፣ አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ለቶኒ ጃክሊን አጭሯን ምት ሰጠው፤ የሁለቱ አገሮች ግጥሚያም 16 ለ 16 ተለያየ። ያኔ ቅር ያላቸው የራሱ ወገኖች ነበሩ። ዛሬ የሚነሳው ግን የእሱ ሥራ ነው።

እኛ መጀመሪያ ያዘኑልን መስሎን ቅር ብሎን ነበር። ጋሼ ግን በመኪና ስንመለስ ገሠጹን። «ርኅራኄ አይደለም። እንደማትስቺው አውቃለሁ ማለት ነው። እኩያዬ ነሽ ማለት ነው» አሉ።

ታዲያ እነዚህ እናቶች ሜዳውን እንደ ቤታቸው ያዩታል። ለምን እንደሆነ የገባን ከጨዋታው በኋላ ሎሚናዳ ይዘን ስንቀመጥ ነው። በ1930ዎቹ ጥቁሮች በዚህች ከተማ ደህና በተባሉት የሕዝብ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ከነጮች ጋር መጫወት አይፈቀድላቸውም ነበር። ግብር ይከፍላሉ፣ ሜዳው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ መግባት ግን የለም! በ1937 በሄለን ዌብ ሃሪስ ቤት 13 ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለውን የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። ባሎቻቸው ጎልፍ ሲጫወቱ ቤት መዋል የሰለቻቸው ሴቶች ነበሩ። መጫወት ብቻ አልበቃቸውም፤ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ ጻፉ። ላንግስተን የተከፈተው በ1939 ነው፤ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ፣ ያውም ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ። 18 ጉድጓድ የሆነው በ1955 ነው።

ሴቶቹ ግን «የራሳችን ሜዳ ተሰጠን» ብለው አልተቀመጡም። ሌሎቹም ይከፈቱ አሉ። በ1941 ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች የነጮች ብቻ ተደርጎ በነበረው በኢስት ፖቶማክ ሜዳ ላይ በፖሊስ ታጅበው ተጫወቱ፤ ከዳር የሚሰድባቸው ሞልቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኢክስ ሜዳዎቹ ለሁሉም እንዲከፈቱ ወሰነ። የአሜሪካ የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር «ለነጮች ብቻ» የሚለውን አንቀጹን ያነሳው በ1961 መሆኑን ስታስቡ የእነዚያ ሴቶች ድፍረት ምን ያህል እንደነበር ይገባችኋል። ሃያ ዓመት ቀድመው ነበር! በኋላም በ1975 በማስተርስ ውድድር የተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሊ ኤልደር ላንግስተንን ለዓመታት አስተዳድሯል።

አሁን ወደ ነገራችን። አንዲት ወዳጃችን «ያን ሁሉ መሬት ለጥቂት ሰው ዱላ ማወዛወዣ ከመስጠት ቤት ቢሠራበት አይሻልም?» ብላ ሞግታናለች። ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። በአጥር ለታጠረውና በአባልነት ለተቆለፈው ግቢ ከሆነ አብረናት ነን። የሕዝብ ሜዳ ግን ሌላ ነው። በከተማ ውስጥ የማትተዋወቁት፣ በዕድሜም በኑሮም የማይመስላችሁ ሰው ጋር አራት ሰዓት አብራችሁ የምትሄዱበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩን። እነዚያን እናቶች ላንግስተን ባይኖር የት ነበር የምናገኛቸው? በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስልካችንን እያየን እንወርድ ነበር።

የሚያሳስበን ደግሞ ይኼ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት በ2020 ላንግስተንን ጨምሮ የከተማዋን ሦስት የሕዝብ የጎልፍ ሜዳዎች ለአንድ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በ50 ዓመት ውል አከራይቶ ነበር። በ2025 መጨረሻ መንግሥት ውሉን አፈረሰ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ለፍርድ ቤትና ለባለጉዳዮቹ እንተወው። የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፦ ነገ ሜዳው ሲታደስ፣ ሣሩ ሲያምር፣ ዋጋውስ? የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የምትመጣ ልጅና ጡረታ የወጣች እናት አሁንም ከፍለው ይገባሉ ወይ? ሰውን ከሜዳ ለማስወጣት የግድ «ለነጮች ብቻ» የሚል ሰሌዳ መስቀል አያስፈልግም። የዋጋ ሰሌዳ ይበቃል።

አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ሆነን የጨርቅ ኳስ ከለጋንባቸው ሜዳዎች ስንቱ ዛሬ ፎቅ ነው? ስንቱስ ቆርቆሮ ታጥሮ ከርሞ አጥሩ ሲነሳ የሰፈሩ ልጅ የማይገባበት ሆኖ ተገኘ? ሲታጠር ዝም አልን። «ልማት ነው» ተባለ፣ እሺ አልን። ማንም አቤቱታ አልጻፈም፤ እኛም ጭምር። የዌክ ሮቢን ሴቶች ግን ጻፉ። አሥራ ሦስት ነበሩ። አሥራ ሦስት ሰው ማለት እኮ የአንድ ዕቁብ አባላት ማለት ነው!

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ ሂዱና ተጫወቱ። ዱላ ከሌላችሁ ተከራዩ፣ ካልቻላችሁበት ጥንድ ፈልጉ፤ ጉድጓድ ብትሸነፉ የሚቀጥለው አለ። ስለ ሜዳው ዕጣ አስተያየት ሲጠየቅ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ እኛ አራታችን ጋሼን አስቀድመን ደብዳቤያችንን ጀምረናል። አዲስ አበባ ያላችሁም ከሰፈራችሁ የቀረ ሜዳ ካለ አጥሩ ሳይመጣ በፊት ጠይቁ። የማይጫወቱበት ሜዳ ባለቤት የለውምና።

በመስከረም የመልስ ግጥሚያ አለን። እናቶቹ ከአሁኑ እየዛቱብን ነው። ውጤቱን እንነግራችኋለን፤ ካሸነፍን ማለት ነው።

ቸር ያሰንብተን!