ፈራሚው ሌላ፣ ሟቹ ሌላ!

ሶሻሊስት ሪፐብሊክና ንጉሣዊ መንግሥት በድንበር ሲናከሱ ለማየት ልብ ወለድ መግዛት አያስፈልገንም። አገራችን ሁለቱንም ሆና አይታዋለች። በ1956 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ከሶማሊያ ሪፐብሊክ ጋር የተታኮሰው የዘውዱ ጦር ነበር። በ1969 ሁለታችንም "ሶሻሊስት" ሆነን ስናበቃ ፊደል ካስትሮ ኤደን ላይ ሊያስታርቀን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወራት ሳይቆይ ጓድ በጓድ ላይ ታንክ ነዳ። ታዲያ ዘውዱ ወርዶ መዶሻና ማጭዱ ሲሰቀል ለድንበሩ ሰው ምን ተለወጠለት?

ኦጋዴንን እንኳ ሁሉም ያውቀዋል። የባሮን ዳርቻስ ማን ያስታውሰዋል?

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ንጉሥ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የሱዳንን ድንበር ተፈራረሙ። ውሉን ያገላበጠ ሰው ይገረማል። ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ ተጽፏል። ስለ ባቡር ሐዲድ ተጽፏል። ኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይም ተጽፏል። የጋምቤላ ጣቢያ የተቆረቆረው በዚህ ውል ነው፤ ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣም ወደ እኛ ተመለሰ። ስለ ሰውስ? ድንበሩ ከተካለለ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት ለሕዝባቸው ያስታውቃሉ ይላል። ልብ በሉ፣ ከተካለለ በኋላ! ኑዌሩና አኙዋኩ የሚነገራቸው እንጂ የሚጠየቁ አልነበሩም።

ዘውዱ እንዲህ አደረገ፤ ሶሻሊስቱስ? ደርግ፣ በኋላም ኢሕዲሪ፣ ያንኑ ኢታንግ የጆን ጋራንግ ሠራዊት መደገፊያና የመቶ ሺዎች ስደተኛ መጠለያ አደረገው። ካርቱምም በበኩሏ የእኛን አማፅያን አስጠጋች። በእጅ አዙር የሚካሄድ የድንበር ጦርነት ማለት ይኸው ነው። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ኢታንግ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በዝናብ ወደመጣበት ጦርነት ተመለሰ። ያስተናገደው መንግሥት ሄዷላ!

ዛሬ እዚያው ኢታንግ ወረዳ ውስጥ ትየርኪዲ አለ። ታኅሣሥ 2006 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በፓጋክ በኩል ለሸሹት የተከፈተ መጠለያ ነው። በወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች ኑዌርኛ ያወራሉ፤ ምናልባትም የአንድ ጎሣ ልጆች ናቸው። አንደኛው የቀበሌ መታወቂያ፣ ሌላው የራሽን ካርድ ይዟል። ራሽኑም ቢሆን አያስተማምንም፤ ሰኔ 2015 ዕርዳታው ተሰረቀ ተብሎ እህሉ ለወራት ሲቋረጥ የተራበው ሌባው አይደለም። በሌላ በኩል አኙዋኩ "መሬቴ እየጠበበ ነው" ሲል መስማት ያስፈልጋል። በ1999 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ስደተኛው ብቻ ከ300 ሺህ ይበልጣል። ይህን ሸክም ጋምቤላ ላይ ጥሎ "እንግዳ ተቀባይ ነን" እያሉ ጄኔቫ ላይ መጨብጨብ ቀላል ነው።

ስደተኛን መቀበል ተገቢ ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ድንበሩ ለሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ለሚፈርመው ሰው ብቻ መኖሩን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጅካዎና በላሬ ወረዳዎች ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት አፍነው፣ ከብቱንም እየነዱ ሄዱ። ያን ያህል ከብትና ሕፃን ይዞ በእግር የሚሄድ ወራሪ እንዴት ድንበር ተሻገረ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መከላከያ የፌዴራሉ ሥራ ነው፤ የገበሬው አይደለም። ፓርላማው የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ጦሩ ተከታተለ፣ ከሕፃናቱም የተወሰኑት በየጊዜው ተመለሱ ተባለ።

"የተወሰኑት" ማለት ምን ማለት ነው? ከብት እንኳ ሲጠፋ በቀለሙና በምልክቱ ይቆጠራል። ስንት ተወሰዱ፣ ስንት ተመለሱ፣ የቀረው የማን ልጅ ነው? መንግሥት ዝርዝሩን ስም በስም ጅካዎና ላሬ ላይ ይለጥፍ። የዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ እናቱን ቢያገኛት በምን ቋንቋ ያናግራት ይሆን?