ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ ሰደዱ። ከላይ ደረቅ የነበረው እህል ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴውም ዝናብ እንደነካው ተናገረ። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ሲሉ ጠየቁት፤ አታላይ ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ።

የዘመናችንን ማስታወቂያ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ነጋዴ ዕቃውን ማስተዋወቁ ሐራም አይደለም። ጥያቄው፣ ከክምሩ ሥር ያለውን ያሳየናል ወይ? ነው።

የሕፃናትን የዱቄት ወተት እንመልከት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ማጥባትን ለመሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ደንግጓል። የእናት ጡት ንጹሕ ሲሳይ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በማይሸጥ ነገር ደግሞ ማንም አያተርፍም። ስለዚህ ኩባንያዎች እናት በጡቷ ላይ ያላትን እምነት መስረቅ ያዙ። በአፍሪካና በእስያ ሆስፒታሎች እንደ ነርስ ነጭ የለበሱ ሻጮችን አሰማሩ፤ ለአራስ እናቶች ነፃ ናሙና አደሉ። ሕፃኑ ጡጦ ሲለምድ ጡት ይደርቃል። ያን ጊዜ ወተቱ በገንዘብ ይሆናል። ድሃዋ እናት እንዲበረክትላት ታቀጥነዋለች፤ ባልተጣራ ውሃ ትበጠብጠዋለች፤ ልጇም በተቅማጥና በረሃብ ይቀጫል። በቆርቆሮው ላይ የተሳለው ወፍራም ሕፃን ይህን ነግሯት ያውቃልን?

ዋር ኦን ዎንት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አጋለጠ። በ1977 በአሜሪካ የኔስሌን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዲቀር የሚጠይቅ ደንብ በ118 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ነገሩ ግን አልቆመም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያና ባንግላዴሽ ካሉባቸው 8 አገሮች ከተጠየቁት ወላጆችና ነፍሰ ጡሮች 51 በመቶው የዚህ ወተት ማስታወቂያ ደርሷቸዋል። ዛሬ ሻጩ ነጭ ጋውን አያሻውም፤ በስልካችን ይገባል።

ማጥባት ያልቻለች እናት አትወቀስም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሐሊማን ጡት ጠብተዋል። የሚወቀሰው ጤነኛዋን እናት ጎዶሎ ነሽ የሚላት ነው።

አባቶች ሆይ! ያው አንቀጽ የእናትን ቀለብና ልብስ በእናንተ ላይ ጥሏል። ለቆርቆሮ የምታወጡትን ገንዘብ ለአራሷ ምግብ አውጡት። የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ሲቀርብላችሁም እጃችሁን ከክምሩ ሥር ስደዱ። አላህ ማስተዋሉን ይስጠን። አሚን።