ትኩስ ሾርባና የጕሮሮ ጤና
በአዋሳ ሐይቅ ዳር፥ በአሞራ ገደል፥ የዓሣ ሾርባ እንደ ፈላ መጠጣት የተወደደ ነው። ነገር ግን የሚፋጅ ነገር ዘወትር ሲወርድ የምግብ መውረጃውን ቧንቧ ስስ ልባስ ያቈስላል። ቍስሉን ለመጠገን ሕዋሳቱ ደጋግመው ሲባዙ በውስጣቸው ያለው የዘር ጽሕፈት ይሳሳታል። የተሳሳተው ሕዋስ እንዳይበዛ የሚያግድ ፒ 53 የተባለ ዘበኛ አለ፤ እርሱ ሲበላሽ መልካቸውን የለወጡ ሕዋሳት ይከማቻሉ። ይህ ገና ካንሰር አይደለም፤ መንገዱ ግን ነው።

በ2008 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር አስታወቀ። በሽታው በሚበዛበት በአርሲም ትኩስ ገንፎ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

እንግዲህ፥ እመቤቶች ሆይ፥ ሾርባውንም ገንፎውንም ጥቂት አብርዳችሁ አቅርቡ። ከቤተ ሰባችሁ መዋጥ ያስቸገረው ቢኖር፥ «ያልፍለታል» ሳትሉ ፈጥናችሁ ለሐኪም አሳዩት።