የኢንተርኔት ደንብና የገበሬው ድርሻ

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚያመራው መንገድ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ይገኛል። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህ ግቢ 17ኛው ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ተካሂዷል። የመንግሥታት ተወካዮች፣ የታላላቅ ኩባንያዎች ሰዎች፣ ምሁራንና የሲቪክ ማኅበራት አባላት ኢንተርኔት ለሁሉም ስለሚዳረስበት፣ የግል መረጃ ስለሚጠበቅበትና ሐሰተኛ ወሬ ስለሚገታበት መንገድ መክረዋል። ጉባኤው የመምከሪያ እንጂ ሕግ የማውጫ መድረክ አይደለም። ሆኖም በየአገሩ ለሚወጡት ሕጎች መነሻ የሚሆን ሐሳብ የሚጠነሰሰው በእንዲህ ያለው ስብሰባ ነው።

ጉባኤው በተቀመጠበት ሳምንት ግን በትግራይ ኢንተርኔት አልነበረም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የተቋረጠው መስመር የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ገና አልተመለሰም ነበር። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

በገጠር የሚኖር ሰው «ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ነጋዴው የእህል ዋጋ የሚጠይቀው፣ ዩኒየኑ ከባንክና ከገዢ ጋር የሚጻጻፈው፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው ዛሬ በአብዛኛው በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ ሲዘጋ ነጋዴው ሰው ልኮም ቢሆን የአዲስ አበባን ዋጋ ያጣራል። ገበሬው ግን የተነገረውን ዋጋ አምኖ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለውም። መንግሥት መስመር የሚዘጋው ለፀጥታ ሲል መሆኑን ይገልጻል። የፀጥታ ችግር መኖሩ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ማን፣ በምን ምክንያትና ለስንት ቀን እንደሚዘጋ በሕግ ተለይቶ ካልታወቀ፣ ጉዳቱ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም እኩል ይመታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኩባንያዎቹ ኃላፊነት ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዛል። የአዋጁ ትርጓሜዎች ሰፊ በመሆናቸው ትክክለኛ ትችትንም ሊያፍኑ ይችላሉ ሲሉ ሥጋታቸውን የገለጹ ወገኖች አሉ። ከዚህም ሌላ፣ ኩባንያው አማርኛን፣ ኦሮምኛን ወይም ትግርኛን አንብቦ የሚፈርድ በቂ ሰው ካልመደበ የ24 ሰዓቱ ገደብ በወረቀት ላይ ይቀራል። የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ፣ በጦርነቱ ጊዜ በተሰራጩ ጽሑፎች ምክንያት በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ክስ ተመሥርቷል። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢከራከርም፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የቱንም ያህል ግዙፍ የሆነ ኩባንያ ተጠያቂ የሚሆነው ጠያቂ ሲኖር መሆኑን ነው።

ሦስተኛው የገበሬው የራሱ መረጃ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ለብድር፣ ለማዳበሪያና ለመሬት ይዞታም ስምና የመሬት ስፋት ይመዘገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባለመረጃው ስለ እሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተጣለው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ላይ ነው። ይሁንና መብቱን የማያውቅ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

የገበሬው ሐሳብ ለእንዲህ ያለ ረቂቅ ጉዳይ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር፣ የራሳችን ፊደል ታሪክ መልስ ይሰጠዋል። ቀደም ሲል እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ለግዕዝ ፊደላት የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተከራክረውና ተባብረው በመሥራታቸው፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ገባ። ዛሬ ልጆቻችን በእጅ ስልክ በአማርኛ የሚጻጻፉት በዚህ የተነሣ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ነጻ የስልክ መስመርም የእርሻ ምክርን በገበሬው ቋንቋ በድምፅ ስለሚያሰማ፣ ማንበብ የማይችለውንም አገልግሏል። የተጠቃሚው ሁኔታ አስቀድሞ ሲታሰብበት ቴክኒክ ለገጠሩም ይበጃል።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ አባላት አሻራና ስም ከመስጠታቸው በፊት መረጃው ለምን እንደሚፈለግና ማን እንደሚይዘው መዝጋቢውን እንዲጠይቁ ማስተማር ይገባል። ሁለተኛ፣ በስልክ የመጣን ወሬ በስብሰባ ከማሰማት በፊት ከወረዳ ወይም በቦታው ከነበረ ሰው ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መስመር በተዘጋ ጊዜ በገበያ ላይ የደረሰውን ኪሳራ በቃለ ጉባኤ መዝግቦ በዩኒየኑ በኩል ለምክር ቤት ተወካይ ማቅረብ ነው። የሕግ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብም በማስረጃ የሚናገር የገጠር ተወካይ ሊኖር ይገባል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ በካዛንቺስ አዳራሽ የገበሬው ጉዳይ የሚነሣው ከቀበሌው የተጻፈ ማስረጃ ሲደርስ ነው።